ከውሃ በታች ያለ የጀልባ ብረት እንዳይበላ፦ ለጣናና ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚሆን የአሠራር መመሪያ

ስለ ጀልባ ብረት መበላት የሚገኘው ምክር አብዛኛው ለባህር የተጻፈ ነው። «ዚንክ እሰሩ፣ ግማሹ ሲያልቅ ቀይሩ» ይላል። ጣና ላይ ዚንክ የታሰረ እንደሆነ ግን ከጊዜ በኋላ ጠንካራ ግራጫ ቅርፊት ይለብስና ሥራውን ያቆማል። ባለቤቱ ጀልባውን ሲያወጣ ዚንኩ እንደ አዲስ ሆኖ ያገኘዋል፤ ደስ ይለዋል። መደንገጥ ነበረበት። አኖድ፣ ማለትም እንደ ዚንኩ ያለ ጀልባው ላይ የሚታሰር ቁራጭ፣ የሚታሰረው እንዲበላ ነው፤ እሱ ካልተበላ በምትኩ ፕሮፔለሩ አጠገብ ያለው ላሜራ፣ የመሪው ማጠፊያ፣ የብየዳው መስመር ወይም የሞተሩ እግር እየተበላ ነው።

ይህ መመሪያ ለሁለት ዓይነት ጀልባ ነው፦ ከላሜራ ተበይዶ ናፍጣ ሞተር በውስጡ ለተቀመጠለት ጀልባ፣ እና ከኋላው ተንጠልጣይ ሞተር ላለው የፋይበር ጀልባ። የደንገል ታንኳ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው፤ አንድ ምስማር የለበትም።

ለምን ይበላል

ሁለት የተለያዩ ብረቶች ውሃ ውስጥ ሆነው በቡሎን፣ በሽቦ ወይም በጀልባው ገላ በኩል ሲነካኩ ባትሪ ይሆናሉ። ደካማው እየሟሟ ጠንካራውን ያቆያል። ጥንካሬያቸው በቮልት ይለካል። በመዳብ ሰልፌት መለኪያ (አሠራሩ ወደ ታች አለ) ሲታዩ የማግኒዚየም አኖድ −1.6 ቮልት፣ ዚንክ −1.1፣ የአሉሚኒየም አኖድ −1.05፣ ተራ አሉሚኒየም −0.8፣ ንጹህ ላሜራ ከ−0.5 እስከ −0.8፣ ነሐስ፣ ብራስና መዳብ −0.2 ገደማ ያሳያሉ። ቁጥሩ ይበልጥ ኔጌቲቭ የሆነው ነው የሚበላው። የነሐስ ፕሮፔለር በላሜራ ጀልባ ላይ ሲገጠም በመካከላቸው ከ0.3 እስከ 0.6 ቮልት ልዩነት አለ፤ የሚከፍለው ላሜራው ነው። ማግኒዚየም የሚታሰረው ከሁሉም ደካማ ሆኖ ለሁሉም እንዲከፍል ነው።

ስፋትም ወሳኝ ነው። ትልቅ የእስቴንለስ ሳህን በትንሽ ተራ ቡሎን ከታሰረ ቡሎኑ በፍጥነት ያልቃል፤ የትልቁ ዕዳ ሁሉ በትንሹ ላይ ይወድቃልና። በተቃራኒው ትልቅ ላሜራ በትንሽ እስቴንለስ ቡሎን ቢታሰር ጉዳቱ ይሰፋል እንጂ አይጠልቅም። ስለዚህ ቡሎን ሁልጊዜ ከሚይዘው ነገር እኩል ወይም የበለጠ ጠንካራ ይሁን።

የጣና ውሃ ከባህር የሚለየው እዚህ ላይ ነው

ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ረገድ የጣና ውሃ ከባህር ውሃ በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ይህ አንድ ነገር ሙሉውን ሥራ ይለውጠዋል። 30 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ የማግኒዚየም አኖድ ጣና ላይ የሚሰጠው ኃይል በስሌት ከ5 ሚሊአምፔር አይበልጥም። ያው መጠን ያለው ዚንክ ባህር ላይ 400 ሚሊአምፔር ገደማ ይሰጣል። በቀለም ያልተሸፈነ ላሜራ በካሬ ሜትር 30 ሚሊአምፔር ቢፈልግ፣ የጣናው አኖድ ሊጠብቅ የሚችለው 40 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ ራቁት ብረት ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በጨው አልባ ውሃ ዋናው ጠባቂ ቀለሙ ነው። ቀለሙ ከገላው 2 በመቶ ብቻ ሲያስጋልጥ ያው አኖድ 8 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ አንድ ትልቅ አኖድ ከኋላ አስሮ መተኛት አይሠራም፤ ትንንሽ፣ ቀጫጭን፣ ብዙ፣ ከሚጠብቁት ብረት አጠገብ መሆን አለባቸው። መበላቱም እንዲሁ ቅርብ ለቅርብ ነው። ነሐሱ ከላሜራው በሚነካካበት ቦታ ዙሪያ በጣት ስፋት የተቦረቦረ ቀለበት ካዩ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ኃይሉ ራቅ ብሎ መሄድ አይችልም።

ሐይቆቹ አንድ አይደሉም። ዝዋይ ከጣና ትንሽ ጨው ይበዛዋል፤ አባያ፣ ጫሞና ላንጋኖ የበለጠ ጨውና ሶዳ አለባቸው፤ አኖድ እዚያ የተሻለ ይሠራል፣ መበላቱም ይፈጥናል። አቢጃታና ሻላ የሶዳ ውሃ ናቸው። አሉሚኒየም ሶዳ አይችልም፤ ያለ ምንም ሌላ ብረት ንክኪ ራሱን ችሎ ይሟሟል። ተንጠልጣይ ሞተር እዚያ የገባ እንደሆነ ዕለቱን ወጥቶ በንጹህ ውሃ ከውስጥም ከውጭም መታጠብ አለበት።

መቼ ይሠራ

ግንቦት ይሻላል። የጣና ውሃ በጣም ይወርዳል፣ ጀልባውን ዳር ላይ ለማስወጣት ይቀላል፣ ዝናቡም ገና ጠንክሮ ስላልገባ ቀለም ይደርቃል። ክረምት ላይ የተቀባ ኢፖክሲ (ሁለት ጣሳ ተቀላቅሎ የሚቀባ ቀለም) ዝናብ ወይም ጤዛ ካገኘው ላዩ ይነጣና ቀጣዩ እጅ አይዝበትም።

ሥራው የየብስ ሥራ ነው። ጣና፣ ዝዋይና ሐዋሳ ዳርቻቸው ላይ ቢልሃርዚያ አለ፤ ጫሞና አባያ ላይ ደግሞ አዞ ስላለ ውሃ ገብቶ ከስር ማየት ፈጽሞ አይታሰብም።

ደረጃ 1፦ ጀልባውን አውጥቶ መመርመር

እንደወጣ፣ ሳይደርቅ፣ ሳይታጠብ ያንብቡት። ከታጠበ በኋላ ግማሹ ማስረጃ ይጠፋል። የሚከተሉትን በጠመኔ እያከበቡ ስልክዎ ላይ ፎቶ ያንሱ፦ ቀለም ያበጠበት ቦታ፣ ጥቁር ወይም ብርቱካናማ ውሃ የሚወጣበት ጉድጓድ፣ በብየዳ መስመር ላይ ያለ ቦይ፣ የፕሮፔለሩ ጫፍ።

በሻፍቱ (ፕሮፔለሩን በሚያዞረው ዘንግ) ላይ የተጠመጠመ እምቦጭና የመረብ ክር ካለ በቢላ ቆርጠው ሁሉንም ያውጡ። ክሩ ፓራኦሊዮውን (ዘይት ማገጃ ጎማውን) ይቆርጣል፣ እምቦጩ ቀለም ይልጣል፣ ተጠምጥሞ የቆየበት ቦታ ደግሞ ንጹህ አየር ያለው ውሃ አያገኝም፤ እንዲህ ባለ የታፈነ ቦታ እስቴንለስ እንኳ ሳይቀር ይቦረቦራል።

አኖዱን ይዩ። በደንብ የሠራ አኖድ ገጹ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው፤ ነጭ ዱቄት ይኖረዋል፣ በሽቦ ብሩሽ ሲነካ ይራገፋል። ለስላሳ ሆኖ እንደ ተገዛበት ቀን ካለ ወይ ከብረቱ ጋር አልተነካካም፣ ወይ ቅርፊት ለብሷል፣ ወይ አንድ ሰው ቀለም ቀብቶታል። ሦስተኛው ከሚታሰበው በላይ ይደጋገማል፤ ቀለም ቀቢው ጀልባውን ሲያሳምር አኖዱንም አብሮ ያሳምረዋል። ከሥራ በፊት አኖዶቹን በፕላስተር ሸፍኖ መጨረሻ ላይ መላጥ ይህን ያስቀራል።

ቀጥሎ ውሃ የሚያስገቡና የሚያስወጡ መዝጊያዎችን በቢላ ጫፍ ፋቅ ያድርጉ። የተፋቀው ወርቃማ ቢጫ ሆኖ ካበራ ደህና ነው። እንደ ድድ ሮዝ ከሆነ ዚንኩ ወጥቶ ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ብቻ ቀርቷል፤ ውፍረቱ አልተለወጠም፣ ቅርጹም ሙሉ ነው፣ በመፍቻ ሲጠመዘዝ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ይሰበራል። ይህ መዝጊያ ወደ ውሃ አይመለስም። ከቧንቧ ዕቃ መደብር የሚገዛው ተራ መዝጊያ ብራስ ነው፣ አንድ ሦስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ዚንክ አለው፤ ሻጩ «ነሐስ» ቢለውም። ለውሃ ስር እውነተኛ ነሐስ፣ ወይም «ሲአር» (CR) የሚል ምልክት የተቀረጸበት ዚንኩ የማይወጣ ብራስ፣ ወይም በፋይበር የተጠናከረ ናይለን ይግጠሙ።

ማግኔት ይያዙ። የፋሼታው (የቱቦ ማሰሪያው) ቀበቶ እስቴንለስ ሆኖ ቡሎኑን ማግኔት አጥብቆ ከሳበው ቡሎኑ ተራ ብረት ወይም ደካማ እስቴንለስ ነው፤ ዝጎ ይበጠሳል፣ ቱቦው ይወልቃል፣ ጀልባው ውሃ ይሞላል። በርካሽ ፋሼታ ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ደረጃ 2፦ መነካካት የሌለባቸውን መለየት

ባትሪው የሚሠራው ሲነካኩ ነው። መለየት ከቻሉ አኖድ ከማሰር ይቀድማል፤ ርካሽም ነው።

በላሜራ ገላ ላይ የሚያልፍ የነሐስ መዝጊያ በፕላስቲክ ቡሽ፣ በሁለት በኩል በናይለን ሮንዴላ ይቀመጥ። ቡሎኖቹም የፕላስቲክ ቱቦ ይልበሱ፤ ሮንዴላ ብቻ አድርጎ ቡሎኑን ራቁቱን ማሳለፍ ምንም አለመሥራት ነው፣ ኤሌክትሪኩ በቡሎኑ በኩል ያልፋል። ከጨረሱ በኋላ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኦም፣ ማለትም የመቋቋም መለኪያ ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ገላው፣ ሌላውን መዝጊያው ላይ ያድርጉ፤ በደረቁ ንባቡ በሺዎች ኦም መሆን አለበት። ጥቂት ኦም ካሳየ አንድ ቦታ ተነካክቷል።

በፋይበር ጀልባ ላይ ለብቻው የተቀመጠ፣ ከምንም ጋር በሽቦ ያልተያያዘ የነሐስ መዝጊያ ተዉት። ከምንም ካልተነካካ ባትሪ አይሆንም። «ሁሉንም በሽቦ አያይዘው ወደ አንድ አኖድ አምጡ» የሚባለው ምክር የባህር ምክር ነው፤ ጣና ላይ አኖዱ የሁሉንም ዕዳ መክፈል ስለማይችል ሰላም የነበረውን ዕቃ ከተጠቂው ጋር ማጣበቅ ይሆናል።

በሻፍቱ ማሸጊያ ውስጥ ግራፋይት ያለበት ገመድ ወይም ግሪስ አይግባ። ግራፋይት +0.3 ቮልት ላይ የተቀመጠ፣ ከሁሉም የጠነከረ ነው፤ ሻፍቱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። ቴፍሎን ያለበት ገመድ ይግዙ።

ደረጃ 3፦ ቀለም

የገላውን እርጥብ ስፋት ለማግኘት በውሃ መስመሩ ላይ ያለውን ርዝመት በ(ወርድ + የሚጠልቅበት) ያባዙ። 10 ሜትር ርዝመት፣ 2.5 ወርድ፣ 0.5 ጥልቀት ያለው ጀልባ 30 ካሬ ሜትር ነው።

የተለመደው ቀይ አንቲረስት በዘይት የተሠራ ነው። ከውሃ መስመር በላይ ይሆናል፤ ከውሃ በታች ግን አይሆንም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ አኖድ ሲሠራ በሚጠበቀው ብረት ገጽ ላይ እንደ አመድ ውሃ ያለ ነገር ይፈጠራል፣ ዘይትና የአመድ ውሃ ሲገናኙ ሳሙና ይሆናሉ። ቀለሙ ከአኖዱ ዙሪያ ጀምሮ እንደ ቆዳ ይላጣል። ሰው «አኖዱ ቀለሜን አበላሸው» ብሎ አኖዱን ይፈታል፤ ጥፋቱ የቀለሙ ምርጫ ነው።

የሚያስፈልገው ሁለት ጣሳ የሚቀላቀል ኢፖክሲ ነው፣ ከደረቀ በኋላ በጠቅላላው 300 ማይክሮን (0.3 ሚሊሜትር)። አንድ እጅ 100 ማይክሮን ገደማ የሚተው ወፍራም ኢፖክሲ ከሆነ ሦስት እጅ ይበቃል። 60 በመቶው ጠጣር የሆነ ቀለም በሊትር 6 ካሬ ሜትር በአንድ እጅ ይሸፍናል፤ ለ30 ካሬ ሜትር በሦስት እጅ 15 ሊትር፣ ለሚባክነው ጨምሮ 18 ሊትር።

ዝገቱን እስከ ብሩህ ብረት ድረስ በአሸዋ ነፊ ወይም በግራይንደር ያንሱ። በሽቦ ብሩሽ ብቻ የተወለወለ ዝገት ያብረቀርቃል እንጂ አይለቅም፤ ላዩ ላይ የተቀባው ኢፖክሲ ከዝገቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። ዘይቱን በቲነር በጨርቅ ይጥረጉ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። የጠራው ብረት በዚያው ቀን፣ ከተቻለ በ4 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን እጅ ያግኝ። የብየዳ መስመርን፣ ጠርዝንና የቡሎን ራስን ከሁሉም በፊት በብሩሽ አንድ እጅ ለብቻ ይቀቡ፤ ሮለር ጠርዝ ላይ ቀለም አይተውም፣ ዝገት የሚጀምረውም ከጠርዝ ነው።

የሁለቱን ጣሳ መጠን በዓይን አይገምቱ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈውን በመለኪያ ይቀላቅሉ። ማጠንከሪያ መጨመር ቶሎ አያደርቀውም፤ ሳይበስል የሚቀር ተጣባቂ ነገር ይሆናል። በእጅ መካከል ያለው ሰዓትም እዚያው ጣሳ ላይ አለ፤ ካለፈ ገጹን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው ይቀጥሉ።

መዳብ ያለበት የባህር ቀለም አይግዙ። ባህር ላይ ገላ የሚይዘው ቀንድ አውጣ መሰል ነፍሳት በሐይቆቻችን የለም፤ መዳቡ ደግሞ በላሜራና በአሉሚኒየም ላይ አዲስ ጠላት ማምጣት ነው።

ደረጃ 4፦ አኖዱን መምረጥና ማሰር

ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፦ ማግኒዚየም። አባያ፣ ጫሞ፣ ላንጋኖ፦ የላሜራ ገላ ማግኒዚየም፣ ተንጠልጣይ ሞተር የአሉሚኒየም አኖድ። ዚንክ ለየትኛውም አይመከርም።

«ቀልጦ የተሠራ» ዚንክ ወይም አሉሚኒየም ከአገር ውስጥ ማቅለጫ አይግዙ። አኖድ ተራ ብረት አይደለም፣ የታወቀ ቅይጥ ነው። በዚንክ አኖድ ውስጥ ብረት ከ0.005 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል። የአሉሚኒየም አኖድ 5 በመቶ ገደማ ዚንክና እጅግ ጥቂት ኢንዲየም አለው፤ ያለ ኢንዲየሙ አሉሚኒየም የራሱን ስስ ቆዳ ለብሶ አይነቃም። ከድስትና ከመስኮት ፍሬም የቀለጠ አሉሚኒየም ጌጥ ነው።

ለጀልባ የተሠራ ማግኒዚየም ማግኘት ካስቸገረ የቦይለር መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ይሂዱ። የውሃ ማሞቂያ ውስጥ የሚገባው በትር አብዛኛውን ጊዜ ማግኒዚየም ነው። ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ለጣና እንዲያውም ይመቻል፦ ግማሽ ሜትር ርዝመትና 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው በትር በስሌት 8 ሚሊአምፔር ገደማ ይሰጣል፣ ማለትም ከላይ ካልነው ሳህን እጥፍ የሚጠጋ። ጀልባው ቆሞ ሲያድር በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከገላው ጋር አያይዘው ፕሮፔለሩ አጠገብ ውሃ ውስጥ ያንጠልጥሉት፤ ሲነሱ ያውጡት። የሽቦውና የበትሩ መጋጠሚያ ከውሃ በላይ ይሁን፣ ካልሆነ በሲሊኮን ታሽጎ ይድፈን፤ ራቁት መዳብ ውሃ ውስጥ ከገባ በትሩን ያለ ጥቅም ይበላዋል።

ለ10 ሜትሩ የላሜራ ጀልባ አሰላለፉ እንዲህ ይሁን፦ ከፕሮፔለሩ ግራና ቀኝ በ30 ሳንቲሜትር ውስጥ አንድ አንድ፣ በመሪው ሁለት ገጽ አንድ አንድ፣ ከዚያ በሁለቱም ጎን ከውሃ መስመር በታች በየ2 ሜትሩ አንድ። 12 ይሆናል። እያንዳንዱ 1 ኪሎ ገደማ ይበቃል። 5 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ማግኒዚየም በዓመት የሚከፍለው 20 ግራም ያህል ነው፣ ራሱን በከንቱ የሚበላው ሲጨመር ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ገንዘብዎን በክብደት ሳይሆን በቁጥር ላይ ያውሉት።

አስተሳሰሩ፦ በላሜራ ላይ የአኖዱን የብረት ምላስ መበየድ ከሁሉም ይሻላል። ካልሆነ በገላው ላይ ቡሎን በይደው አኖዱን በዳዶና በሮንዴላ ያስሩ። ምላሱ የሚነካው ቦታ ቀለም አይኑርበት፤ ከአኖዱ ሥር ያለው የቀረው ገላ ግን በደንብ የተቀባ ይሁን። ከዚያ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው በመጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ያነካኩ፤ 0.3 ካሳየ የገመዱ ነው። አሁን አንዱን አኖዱ ላይ፣ ሌላውን ፕሮፔለሩ ላይ ያድርጉ። የገመዱን ቀንሰው የሚቀረው ከ0.1 ኦም መብለጥ የለበትም።

ፕሮፔለሩ ላይ ንባቡ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ሻፍቱ በካምቢዮ ውስጥ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል፣ መጋጠሚያው ላይ ጎማ ካለ ጨርሶ ተለይቷል፣ ስለዚህ ገላው ላይ ያለው አኖድ አይደርሰውም። ሻፍቱ የራሱ ቀለበት አኖድ ያስፈልገዋል። ሁለቱን ግማሾች ከማሰርዎ በፊት ሻፍቱን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈግፍጉት፣ ያስሩ፣ በመዶሻ ዙሪያውን ቀስ ብለው ይምቱ፣ እንደገና ያጥብቁ፤ ከምቱ በኋላ ቡሎኖቹ ሩብ ዙር ያህል ይጨምራሉ። ከኩሽኔታው ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ የሚያቀዘቅዘው ውሃ እንዳይታገድ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማግኒዚየምን በግራይንደር አይፈግፍጉ፣ ምላሱን ከሚበይዱበት ጫፍ በቀር አጠገቡም አይበይዱ። ፍቅፋቂው በእሳት ይያያዛል፣ ውሃ ሲጨመርበትም ይብሳል፤ ደረቅ አሸዋ በባልዲ አጠገብዎ ይኑር።

ደረጃ 5፦ ከባትሪ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ

እስከ አሁን ያወራነው በወራትና በዓመታት የሚበላ ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ ግን በሳምንታት ይጨርሳል። 1 አምፔር በዓመት 9 ኪሎ ብረት ያሟሟል። 100 ሚሊአምፔር ብቻ ቢያመልጥ 900 ግራም ነው፤ ያም ከአንድ መዝጊያ ወይም ከአንድ ሻፍት ከሆነ ነገሩ አለቀ። የዚህ ምልክቱ የጠራ፣ የሚያበራ፣ በአንድ ቦታ ላይ ጠልቆ የገባ ቀዳዳ ነው፤ ዝገት እንኳ የለውም።

ምንጩ ብዙውን ጊዜ በወለሉ ሥር ያለው የውሃ ማውጫ ፓምፕ ሽቦ ነው። መጋጠሚያው በቴፕ ብቻ ተጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ለመፈተሽ ሁሉንም ማብሪያ ያጥፉ፣ የባትሪውን ፖዘቲቭ ገመድ ይፍቱ፣ መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርገው በገመዱና በባትሪው መካከል ያስገቡ። ዜሮ መሆን አለበት። ራሱን የሚያበራ ፓምፕ ካለ በቀጥታ ከባትሪ ስለሚወስድ የሱን ለብቻ ይንቀሉና ይድገሙ። ንባብ ካለ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀሉ የሚያጠፋውን ያግኙ። መጋጠሚያዎችን ሁሉ ከውሃ በላይ ያንሱ፣ በሙቀት በሚጨማተር ሙጫ ባለው ቱቦ ያሽጉ።

ብየዳ ከሆነ፣ የማሽኑን መመለሻ መቆንጠጫ የሚበየደው ቁራጭ ላይ፣ ከብየዳው አጠገብ ያድርጉ። ጀልባው ውሃ ላይ ሆኖ፣ ማሽኑ ዳር ላይ ሆኖ፣ መቆንጠጫው ሌላ ጀልባ ወይም ወደብ ላይ ተይዞ መበየድ በመቶ የሚቆጠሩ አምፔሮችን በውሃና በኩሽኔታዎች በኩል ይመልሳል። ከመጀመርዎ በፊት ባትሪውን ይፍቱ።

ደረጃ 6፦ መለካት

አኖዱ መሥራቱን በዓይን ለማወቅ ወራት ይፈጃል። በመለኪያ ግን ጀልባው ውሃ ከገባ በማግስቱ ይታወቃል። መለኪያውን በእጅ መሥራት ይቻላል።

20 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው የሦስት ሩብ ኢንች ፒቪሲ ቧንቧ ይቁረጡ። አንዱን ጫፍ ባልተቀባ ለስላሳ እንጨት አጥብቀው ይድፈኑና እንጨቱ እንዲጠጣ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። ከውስጥ ለባትሪ በሚሸጠው ዲስትልድ ውሃ ይሙሉት፣ ሰማያዊውን መዳብ ሰልፌት (ለተክል በሽታ የሚረጨው) እስከማይሟሟ ድረስ ይጨምሩ፤ ከታች ያልሟሟ ክሪስታል መቅረት አለበት። ልባሱ የተላጠና በብርጭቆ ወረቀት የተወለወለ 6 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ያስገቡ፣ ላዩን በቡሽ ይዝጉ። ሁለት ይሥሩ። ሁለቱን በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁመው በመካከላቸው ይለኩ፤ ከ10 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ሁለቱም ልክ ናቸው። መዳብ ሰልፌት ዓሣ ይገድላል፤ ጓንት ያድርጉ፣ ትራፊውን ሐይቁ ውስጥ አይድፉ።

መልቲሜትሩን 2 ቮልት ዲሲ ላይ ያድርጉ። ጥቁሩን ገመድ ከመለኪያው መዳብ፣ ቀዩን ከጀልባው ብረት ያገናኙ። መለኪያውን ከጀልባው ጎን ወደ ውሃ አውርደው የሚፈትሹት ብረት አጠገብ፣ በአንድ ጋት ርቀት ይያዙ። ጣና ላይ ቦታ ሲቀየር ንባቡ ይቀየራል፣ አኖዱ አጠገብ ከያዙት አኖዱ ራሱን ይነግርዎታል፤ ስለዚህ በአኖዶቹ መካከል ያለውን ቦታ ይለኩ፣ ድካሙ የሚታየው እዚያ ነው።

ላሜራ −0.85 ቮልት ወይም ከዚያ የበለጠ ኔጌቲቭ ከሆነ ተጠብቋል። −0.6 ላይ ከሆነ እዚያ ቦታ አኖድ አልደረሰም፤ አንድ ይጨምሩ። የሞተሩ የአሉሚኒየም እግር ከ−0.95 እስከ −1.2 መካከል ይሁን። ከ−1.2 ካለፈ ጥበቃው በዝቷል፦ በገጹ ላይ ያ የአመድ ውሃ ይበዛና አሉሚኒየሙን ራሱን ይበላል። እንዲህ ከሆነ አንድ አኖድ ይቀንሱ ወይም ከማግኒዚየም ወደ አሉሚኒየም ይቀይሩ።

መለኪያውን ሳያንቀሳቅሱ ፓምፑን፣ መብራቱን፣ ሬዲዮውን ተራ በተራ ያብሩ። አንዱ ሲበራ ንባቡ ከ20 ሚሊቮልት በላይ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሌባው እሱ ነው።

ተንጠልጣይ ሞተር

እግሩ በሙሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ከላሜራ ይልቅ ቶሎ ይቀጣል። አኖዶቹ ሦስት ቦታ ይፈለጋሉ፦ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ትንሽ ክንፍ፣ መያዣው ግርጌ ላይ ያለው አራት ማዕዘን ቁራጭ፣ በብዙ ሞተሮች ደግሞ በሲሊንደሩ ማቀዝቀዣ ውሃ መንገድ ውስጥ ያሉት ትንንሾች። የውስጦቹ ይረሳሉ። ክንፉን ከመፍታትዎ በፊት የቆመበትን አቅጣጫ በሚስማር ጫጭረው ምልክት ያድርጉ፤ ዞሮ ከታሰረ ሞተሩ መሪን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። በብዙ ያማሃ ሞተሮች የክንፉ ቡሎን ከላይ በጎማ ክዳን ተሸፍኗል፤ ከታች እየፈለጉ ክንፉን አያናውጡት። አንዳንዱ ክንፍ በፋብሪካ ጥቁር የተቀባ ነው፤ እሱ አኖድ አይደለም፣ አቅጣጫ ማስተካከያ ብቻ ነው።

እስቴንለስ ቡሎን አሉሚኒየም ውስጥ ሲገባ ፊሌቶው (የቡሎኑ ጥርስ) ላይ የማይታጠብ መለያ ግሪስ ይቀባ። ያለሱ በሁለተኛው ዓመት ነጭ ዱቄት ፊሌቶውን ሞልቶ ያጣብቀዋል፤ ሲፈታ ይሰበራል። ቀለሙ የተጫረበትን ቦታ አሻክሮ በዚያው ሰዓት የኢፖክሲ ፕራይመር መቀባት ነው፤ አሉሚኒየም ካደረ የራሱን ቆዳ ይለብሳል፣ ቀለም አይይዝም።

ጀልባው ሲቆም ሞተሩን ከውሃ አንስተው ያሳድሩ። ከሁሉም አኖድ የሚበልጠው ይህ ነው፣ ብርም አይጠይቅም።

ጀልባ ከባህር ሲመጣ ወይም ወደ ባህር ሲሄድ

ከጅቡቲ በመኪና የመጣ ጀልባ ዚንክ ወይም የአሉሚኒየም አኖድ ታስሮለት ይደርሳል። ሐይቅ ከመግባቱ በፊት ዚንኩ ይውጣና ማግኒዚየም ይታሰር። በተቃራኒው ማግኒዚየም ያለው ጀልባ ጨው ውሃ ውስጥ በፍጹም አይግባ፤ አኖዱ በወራት ውስጥ ያልቃል፣ በዚያ ጊዜም ቀለሙን ይልጣል፣ አሉሚኒየሙን ይበላል፣ የእንጨት ገላ ከሆነ በመዝጊያዎቹ ዙሪያ ያለውን እንጨት እንደ ጥጥ ያላላዋል። ጅቡቲ፣ ምጽዋ ወይም የባህረ ሰላጤው አገሮች ላይ ለሚሠራ ጀልባ የአሉሚኒየም አኖድ ይምረጡ፤ በኪሎ 2,500 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሰጣል፣ ዚንክ 780 ብቻ። እዚያ ክብደት ዋጋ አለው፣ ግማሹ ሲያልቅም ይቀየራል። ሐይቅ ላይ ያለውን ግን በየ6 ወሩ አውጥተው የእንጀራ ዓይኑን ይፈልጉ፣ ቅርፊት ካለው በሽቦ ብሩሽ ያራግፉ፣ ከመመለስዎ በፊት 0.1 ኦሙን ይድገሙ።